ዊተንበርግ፣ ዙሪክ፣ ጄኔቫ፣ ለንደን ወይስ ትሬንቶ? ፕሮቴስታንት ከካቶሊክ የተለየበትን ታሪክ ለማየት የቱን ከተማ ልምረጥ?

አውሮፓ የምትኖሩ፣ ወይም ለሥራና ለዘመድ ጥየቃ ብቅ የምትሉ ሰዎች አንዳንዴ ይህን ጥያቄ ታነሳላችሁ። ፕሮቴስታንት ከካቶሊክ የተለየው የት ነው? ሄጄ ልየው ብል የቱ ይሻለኛል? አብዛኛው ሰው ቶሎ ብሎ «ዊተንበርግ» ይላል። መልሱ ስህተት የለበትም። ግን ግማሽ ነው።

ከሮም የተለዩት ሰዎች ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምክንያት አልተለዩም። ጀርመን ውስጥ ጠቡ የተነሳው በገንዘብና በኃጢአት ይቅርታ ነው። ዙሪክ ላይ በጾም በተበላ ቋሊማ። እንግሊዝ ውስጥ በንጉሥ ትዳር። ጄኔቫ ዘግይታ ነው የመጣችው፤ ግን ለሌላው ዓለም የሚተርፍ ሥርዓት ያበጀችው እሷ ናት። ትሬንቶ ደግሞ የካቶሊኮቹ መልስ የተጻፈባት ከተማ ናት። ስለዚህ ከተማ ከመምረጣችሁ በፊት ጥያቄያችሁን ለዩ። ከተማው ከዚያ በኋላ ራሱ ይመጣል።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም እዚህ የማወዳድረው ከተሞችን ነው። የትኛው ሃይማኖት ትክክል ነው የሚለውን ለማንም አልመርጥም።

ዊተንበርግ፦ ነገሩ ለምን ፈነዳ?

ከበርሊን በፈጣን ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ቲኬት ስትቆርጡ ስሙን ልብ በሉ። «ዊተንበርገ» የሚባል ሌላ ከተማ አለ። እሱም ኤልበ ወንዝ ላይ ነው፤ ከሉተር ጋር ግን አይገናኝም። እናንተ የምትፈልጉት «ሉተርሽታት ዊተንበርግ» የሚለውን ነው። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ የድሮው ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ይዘለቃል።

ሰው ሁሉ የሚሄደው በሩን ለማየት ነው። ሉተር የመከራከሪያ ሐሳቦቹን፣ 95ቱን ነጥቦች፣ በምስማር መታበት የሚባለውን የቤተ መንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን በር። አሁን የምታዩት ያ በር አይደለም። የእንጨቱ በር በ1760 በጦርነት ጊዜ ተቃጥሏል። የዛሬው በ1858 የተተከለ የነሐስ በር ነው። 95ቱ ነጥቦች በላቲን ተቀርጸውበታል። ምስማሩም ቢሆን የታሪክ ሰዎችን ያከራክራል። ሉተር ራሱ በሩ ላይ መታሁ ብሎ የጻፈው ነገር የለም። ታሪኩን ያስፋፋው ወዳጁ ሜላንክተን ነው፤ ያውም ሉተር ከሞተ በኋላ። ሜላንክተን ደግሞ በ1517 ገና ዊተንበርግ አልገባም ነበር። የማያከራክረው ደብዳቤው ነው። ሉተር ኦክቶበር 31 ቀን 1517 ለማይንዝ ሊቀ ጳጳስ ለአልብሬክት ደብዳቤ ጽፏል፤ ደብዳቤው እስከ ዛሬ አለ።

ደብዳቤው ለምን ለእሱ ተጻፈ? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። አልብሬክት በ24 ዓመቱ የማይንዝ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ቀድሞም ሌላ ሀገረ ስብከት በእጁ ነበር። ዕድሜው ለሹመቱ አይደርስም፤ ሁለት ሀገረ ስብከት ደርቦ መያዝም በቤተ ክርስቲያን ሕግ ክልክል ነው። ሮም ግን ከከፈለ ትፈቅዳለች። አልብሬክት ገንዘቡን ከአውግስቡርግ ባለ ባንኮች፣ ከፉገር ቤተሰብ ተበደረ። ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድም ተገኘ። ሰው ከሞተ በኋላ በመንጽሔ የሚቀበለውን ቅጣት ያስቀራል የሚባል የምሕረት ወረቀት በግዛቱ እንዲሸጥ ፖፕ ሊዮ 10ኛ ፈቀዱለት። ከገቢው ግማሹ ለሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ግማሹ ለፉገር ዕዳ። ሕዝቡ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር።

ወረቀቱን እየዞረ የሚሸጠው ቴትዘል የሚባል የዶሚኒካን መነኩሴ ነው። ዊተንበርግ ወዳለችበት ወደ ሳክሶኒ ግን አልገባም። የሳክሶኒው ገዢ ፍሬድሪክ ከልክሎታል። ፍሬድሪክ ለእምነት ተቆርቁሮ አይደለም። ገንዘቡ ወደ ተቀናቃኙ ወደ አልብሬክት ቤተሰብ እንዳይፈስ ነው። እሱ ራሱ እዚያው ዊተንበርግ ውስጥ ከ19,000 በላይ የቅዱሳን አጽምና ቅርስ ሰብስቦ ነበር። በሁሉም ቅዱሳን በዓል ያንን መጥቶ ያየና የሰጠ ሰው ምሕረት ያገኛል ይባል ነበር። ኖቬምበር 1 ማለት ነው። የሉተር ጽሑፍ የተጻፈው በዋዜማው ነው። የዊተንበርግ ሰዎች ድንበር እየተሻገሩ የቴትዘልን ወረቀት ይገዛሉ፤ ይዘውትም ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ሉተር ይመጣሉ። ሉተር የተቆጣው በዚህ ነው። ከ95ቱ ውስጥ 86ኛውን ነጥብ ብታስነብቡ ቁጣው ይሰማችኋል። ፖፑ ከማንም ሀብታም የበለጠ ሀብት ይዘው ሳለ የጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ስለ ምን በራሳቸው ገንዘብ አይሠሩም? ስለ ምን በድሆች ገንዘብ? ይላል።

በዚያን ጊዜ ሉተር አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሊያቋቁም አላሰበም። መነኩሴ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ክርክር ነው የጠራው። መለያየቱ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1520 ሮም ሐሳብህን መልስ ብላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከች። ዲሴምበር 10 ላይ ሉተር ደብዳቤውን ከከተማው በር ውጭ እሳት ውስጥ ጨመረው። በ1521 መጀመሪያ ተወገዘ። ኤፕሪል ላይ ቮርምስ ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ በቻርልስ 5ኛ ፊት ቆሞ አልመልስም አለ። ወዳጆቹ ዋርትቡርግ ግንብ ውስጥ ደበቁት። እዚያ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ ተረጎመ፤ በሴፕቴምበር 1522 ታተመ። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻ አልነበረም።

ከበሩ ይልቅ እኔ ወደ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ግቡ ነው የምላችሁ። ሉተር ዘወትር የሰበከው እዚያ ነው። መሠዊያው ላይ የክራናኽ ሥዕል አለ። መሐል ላይ የመጨረሻው እራት ተሥሏል። ከሐዋርያት ጋር ሉተር ራሱ ጢሙን አሳድጎ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የቆመ አሳላፊ ጽዋ ያቀብለዋል። ለእኛ አገር ሰው ይሄ ምንም ላይመስል ይችላል። ሥጋውንም ደሙንም መቀበል ለለመደ ኦርቶዶክስ ምን አዲስ ነገር አለው? በዚያ ዘመን ግን በካቶሊክ ቅዳሴ ምእመኑ ኅብስቱን ብቻ ይቀበላል፤ ጽዋው የካህኑ ነው። ስለዚህ ያ ጽዋ ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ሙግት ነው። በክንፉ ላይ ደግሞ ሜላንክተን ሕፃን ሲያጠምቅ ይታያል። ሜላንክተን ካህን አልነበረም። ይህም ሌላ ሙግት ነው።

ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ስትወጡ ቀና ብላችሁ ውጪውን ግድግዳ እዩ። አይሁድን የሚያዋርድ የመካከለኛው ዘመን ቅርጽ አለ። ይነሳ አይነሳ የሚለው ክርክር እስከ ጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2022 ይቆይ ተብሏል። ሉተር በስተርጅና በአይሁድ ላይ የጻፈው በጣም ክፉ ነው። አስጎብኚ ይህን ዘሎ ካለፈ እናንተ አትዝለሉት።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው። በ1534 አንድ ኢትዮጵያዊ ዊተንበርግ መጣ። ዲያቆን ሚካኤል ይባላል። ከሉተርና ከሜላንክተን ጋር ስለ ሥላሴና ስለ ቅዳሴ ሥርዓት ተነጋገረ። ሉተር ጁላይ መጀመሪያ ላይ የምስክር ደብዳቤ ሰጠው። የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን አንዳንድ ሥርዓቷ ቢለይም ልዩነቱ የቤተ ክርስቲያንን አንድነት አያፈርስም የሚል ነው ሐሳቡ። ከሮም ጋር ለተጣላ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ያለ ፖፕ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ክርስትና እንዳለ በዓይኑ አየ። ሚካኤል በበኩሉ ምን ብሎ ተመለሰ? እኔ በጣም የምፈልገው እሱን ነበር።

ዊተንበርግ ለማን ትሆናለች? የመለያየቱን ምክንያት ከሥሩ ማወቅ ለሚፈልግ። ለመካነ ኢየሱስ ምእመን፤ ቤተ ክርስቲያኗ የሉተራን ናትና። ለታሪክ ወዳድ ኦርቶዶክስም፣ ለሚካኤል ሲባል። ጉድለቷ አንድ ነው። ሁሉንም ነገር የአንድ ሰው ታሪክ ታስመስላለች። የመታሰቢያ ዕቃ ሱቆቹ ውስጥ ሉተር ያልታተመበት ነገር ማግኘት ይከብዳል፤ ካልሲ ላይ ሳይቀር አለ።

ዙሪክ፦ ከተለያዩ በኋላ ለምን እንደገና ተለያዩ?

ማርች 1522፣ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው እሑድ። ፍሮሻወር የሚባል አሳታሚ ቤት ሰዎች ተሰብስበዋል። ሁለት የጢስ ቋሊማ ተቆራርጦ ቀረበ፤ ተበላ። የከተማው ዋና ሰባኪ ዝዊንግሊ እዚያው ተቀምጧል። አልበላም፤ አልከለከለምም። ፍሮሻወር ሲከሰስ፣ ሠራተኞቼ ለፍራንክፈርት የመጻሕፍት ገበያ መጽሐፍ ለማድረስ ሌት ተቀን ይለፋሉ፣ ገንፎ ብቻ አያቆማቸውም ብሎ ተከራከረ። ዝዊንግሊ ከሳምንታት በኋላ መድረክ ላይ ወጥቶ ጾምን መጽሐፍ ቅዱስ አላዘዘም፤ የፈለገ ይጹም፣ ያልፈለገ ይተው ብሎ ሰበከ። ሁዳዴን ለሚጾም ሰው የቋሊማው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር ማስረዳት አያስፈልግም።

ልዩነቱን አስተዋላችሁ? ሉተር የጀመረው «እንዴት እድናለሁ?» ከሚለው ጭንቀት ነው። ዝዊንግሊ ደግሞ «ይህ መጽሐፍ ላይ አለ ወይ?» ከሚለው። መጽሐፍ ላይ ካልተገኘ ይውጣ አለ። የከተማው ምክር ቤትም ተከተለው። በ1524 ሥዕልና ሐውልት ከቤተ ክርስቲያን ወጣ፤ በ1525 ቅዳሴ ቀረ፤ ኦርጋኑም ተነቀለ። ግሮስሙንስተር ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ባዶነቱ ራሱ ይናገራል። ያሸበረቁት መስኮቶች የ20ኛውና የ21ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። ዝዊንግሊ ቢያያቸው ምን ይል እንደነበር እንጃ።

በ1529 ሉተርና ዝዊንግሊ ጀርመን ውስጥ ማርቡርግ ላይ ተገናኙ። አንድ ላይ ቢቆሙ ኖሮ ጉልበት ይሆናቸው ነበር። ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማሙ። በአንዱ ተለያዩ፤ በቅዱስ ቁርባን። ካቶሊኮቹ ኅብስቱ ተለውጦ ሥጋው ይሆናል ይላሉ። ሉተር ኅብስቱ ኅብስት ሆኖ ሳለ ሥጋው በእውነት አለ ይላል። ዝዊንግሊ መታሰቢያ ነው ይላል። ሉተር «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጽፎ ነበር፤ ከዚያ ቃል ንቅንቅ አልልም አለ። ዛሬም ድረስ ሉተራኖችና የዙሪክና የጄኔቫ ልጆች ሁለት ቤተሰብ የሆኑት ከዚያች አንድ ነጥብ ነው።

ዙሪክን በጣም የምወደው ግን ለሌላ ነገር ነው። ከዝዊንግሊ ተማሪዎች መካከል «መጽሐፍ ላይ ካልተገኘ ይውጣ ካልን፣ የሕፃን ጥምቀትስ?» ያሉ ወጣቶች ተነሡ። ጃንዋሪ 21 ቀን 1525 ማታ በፌሊክስ ማንዝ እናት ቤት ተሰበሰቡ። ኮንራድ ግሬበል ጆርጅ ብላውሮክን አጠመቀው፤ ብላውሮክ ሌሎቹን። ምክር ቤቱ እንደገና የሚያጠምቅ ሰው በውኃ ይሰጥማል ብሎ አወጀ። ጃንዋሪ 5 ቀን 1527 ማንዝን እጁን አስረው ሊማት ወንዝ ውስጥ አሰጠሙት። እናቱ ከዳር ሆና በእምነትህ ጽና እያለች ትጣራ እንደነበር ተጽፏል። ያሰጠሙት ካቶሊኮች አይደሉም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ራሳቸው ከሮም የተለዩት ሰዎች ናቸው።

ቦታውን ለማግኘት ሺፕፈ ወደሚባለው የወንዝ ዳር ውረዱ። በ2004 የተደረገ የድንጋይ ጽሑፍ አለ። ማንዝና ሌሎች 5 ሰዎች ከ1527 እስከ 1532 ባለው ጊዜ እዚህ እንደሰጠሙ ይናገራል። ትንሽ ስለሆነች አልፋችኋት እንዳትሄዱ። ከዚያ ተሻግራችሁ ቫሰርኪርኸ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የዝዊንግሊን ሐውልት እዩ። በአንድ እጁ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው ሰይፍ። ለጌጥ አይደለም፤ በ1531 ካፐል ላይ ከካቶሊክ ካንቶኖች (የስዊዘርላንድ ክፍለ ግዛቶች) ጋር በተደረገው ጦርነት ነው የሞተው።

የመሠረተ ክርስቶስ ምእመናን እዚህ ጋ ጆሯችሁ ይቁም። ቤተ ክርስቲያናችሁ በሜኖናይት ሚሲዮናውያን በኩል የመጣች ናት። ሜኖናይቶች ደግሞ የእነዚህ የሰጠሙ ወጣቶች ወራሾች ናቸው። ስማቸው የመጣው በ1536 ክህነቱን ትቶ ከወጣው ከኔዘርላንዱ ሜኖ ሲሞንስ ነው፤ ጅማሬያቸው ግን ዙሪክ ነው። በ2025 የ500ኛ ዓመታቸው መታሰቢያ እዚሁ ከተማ ተከብሯል። ያመነ ሰው አድጎ ይጠመቅ የሚሉ ሌሎች የአገራችን ጴንጤዎችም ከሉተር ይልቅ ለማንዝ ይቀርባሉ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሉተር የሕፃናት ጥምቀትን አልተወም፤ አናባፕቲስቶችንም፣ ማለትም እንደ ማንዝ እንደገና የሚያጠምቁትን፣ አጥብቆ ይቃወም ነበር።

ጉድለቷ ኪስ ነው። ስዊዘርላንድ ያራቁታችኋል። ምሳ ይዛችሁ ሂዱ።

ጄኔቫ፦ ከፖፕ በኋላ ማን ያስተዳድር?

ሮምን መልቀቅ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን በማን ትመራ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ጀርመን ውስጥ በተግባር መሳፍንቱ ያዙት። እንግሊዝ ውስጥ ንጉሡ። ጄኔቫ ላይ ካልቪን ከመጋቢዎችና ከሽማግሌዎች የተውጣጣ ጉባኤ አቋቋመ። ጉባኤው የሰውን ትዳር፣ ጠብና ጭፈራ ሳይቀር እየጠራ ይመረምር ነበር። ካልቪን ፈረንሳዊ ስደተኛ ነው። በ1536 መጣ፤ በ1538 አባረሩት፤ በ1541 መልሰው ለመኑት። እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1564 ቆየ። በ1559 የከፈተው አካዳሚ ከመላው አውሮፓ ተማሪ ሰበሰበ። ጆን ኖክስ ሥርዓቱን ወደ ስኮትላንድ ወሰደው፤ ፕሬስቢቴሪያን የምንለው ያ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ በፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን የተመሠረተችው ቤቴል በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዳለች። ማርቡርግ ላይ ያልሆነው እኛ አገር ሆነ ማለት ነው።

የምታዩት ምንድን ነው? ባስቲዮን ፓርክ ውስጥ የተሐድሶ አባቶች ግንብ አለ። አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ አራት ሰዎች፦ ፋሬል፣ ካልቪን፣ ቤዛ፣ ኖክስ። ሉተርና ዝዊንግሊ ስማቸው ብቻ ጥግ ላይ ተጽፏል። ጄኔቫ ለራሷ ሰዎች ታደላለች። በቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል የካልቪን ወንበር ይታያል፤ አጠገቡ የተሐድሶ ሙዚየም አለ። የካልቪንን መቃብር አትፈልጉ። ትክክለኛው ቦታ አይታወቅም፤ ምልክት አይደረግብኝ ያለው ራሱ ነው።

ጊዜ ካላችሁ ሻምፔል ወደሚባለው ሰፈር ውጡ። ሰርቬቱስ የተባለ ስፔናዊ ሐኪም ሥላሴን ካደ ተብሎ በ1553 ከነሕይወቱ የተቃጠለበት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ካቶሊኮቹ ይቃጠል ብለው ፈርደው ነበር፤ አመለጣቸውና ምስሉን አቃጠሉ። ጄኔቫ ገብቶ ሲያዝ ፕሮቴስታንቶቹ ራሱን አቃጠሉት። በ1903 የካልቪን ተከታዮች እዚያ የጸጸት ድንጋይ ተክለዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው ጄኔቫን አልመክርም። ታሪኩ መሐል ላይ ነው የሚጀምረው። ሁለተኛ ከተማ ብትሆን ይሻላል። ከዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት አይሞላም።

ለንደን፦ ንጉሥ ሲጣላ

ለንደን ያላችሁ ሰዎች ሩቅ ሳትሄዱ ኪሳችሁን ፈትሹ። ሳንቲሙ ላይ ከንጉሡ ስም አጠገብ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ «የእምነት ጠባቂ» ለማለት ነው። ማዕረጉን በ1521 ለሄንሪ 8ኛ የሰጡት ፖፕ ሊዮ 10ኛ ናቸው። ለምን? ሉተርን ተቃውሞ መጽሐፍ ስለ ጻፈ። በ1534 ያው ሄንሪ ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። ማዕረጉን ግን አልመለሰም። ማዕረጉ ይኸው 500 ዓመት አልፎታል።

ምክንያቱ ወንድ ወራሽ ነበር። ከካትሪን ጋር ያለው ጋብቻ እንዲፈርስለት ጠየቀ። ካትሪን የንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛ አክስት ናት፤ የቻርልስ ጦር ደግሞ በ1527 ሮምን ዘርፎ ፖፑን አግቶ ነበር። ፖፑ እንዴት እሺ ይበሉ? ሄንሪ ተለየ፤ ገዳማቱን ዘግቶ ሀብታቸውን ወረሰ። ቅዳሴው ግን እሱ በሕይወት እያለ ብዙ አልተለወጠም። ትምህርቱ የተለወጠው በልጁ በኤድዋርድ ዘመን ነው። ሴት ልጁ ሜሪ ወደ ሮም መለሰችው፤ ሌላዋ ልጁ ኤልሳቤጥ መልሳ አወጣችው። ዌስትሚንስተር አቢ ውስጥ ሁለቱ እህትማማቾች አንድ መቃብር ውስጥ ናቸው፤ ከላይ የሚታየው የኤልሳቤጥ ምስል ብቻ ነው።

ፖለቲካውን ለማየት ጥሩ ነው። ስለ እምነቱ ክርክር ለማወቅ ለሚፈልግ ግን ለንደን ደካማ ምርጫ ናት።

ትሬንቶና ሮም፦ ካቶሊኮቹ ምን መለሱ?

ካቶሊክ አንባቢዎች፣ ይህን ክፍል እናንተ ብቻ እንድታነቡት አልፈልግም። አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ መመለስ አይቻልም። ከቬሮና በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን፣ ተራሮች መካከል ትሬንቶ አለች። እዚህ ከ1545 እስከ 1563 እየተቋረጠ ጉባኤ ተካሄደ። ጉባኤው ሁለት ነገር አደረገ። በትምህርት በኩል አልተላቀቀም፦ ሰባቱ ምሥጢራት ይቆያሉ፣ መንጽሔ አለ፣ መዳን በእምነት ብቻ አይደለም። በአሠራር በኩል ግን ሉተር የጮኸበትን ብዙ ነገር አስተካከለ። የምሕረት ወረቀት እየዞሩ ገንዘብ የሚሰበስቡትን ሰዎች ሥራ ሰረዘ። ጳጳሳት በሀገረ ስብከታቸው ይቀመጡ አለ። ካህናት የሚማሩበት ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት በየሀገረ ስብከቱ ይከፈት አለ። ይህ ሁሉ በ1517 ቢሆን ኖሮ? መልስ የለኝም፤ ግን ካቴድራሉ ውስጥ ተቀምጦ ከማሰብ አያመልጡም።

ሮም ላይ የቅዱስ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን ስታዩ የጠቡ መነሻ የሆነውን ሕንፃ እያያችሁ ነው። ከጀርባው፣ ቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩበት የነበረ ነው። በ1513 የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ ሮም ውስጥ የታተመው በእነሱ እርዳታ ነው። የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮንም በ1548 እና 1549 የግዕዝ አዲስ ኪዳንን እዚያው አሳተመ። ልብ በሉ፤ ትሬንቶ ላይ ጉባኤው ተጀምሯል። እንግዲህ አንዱ ወገን ዊተንበርግ ላይ ሚካኤልን ሲያነጋግር፣ ሌላው ወገን ሮም ላይ ከተስፋ ጽዮን ጋር ይሠራል።

የዚህ ጠብ ጦስ እኛም ጋ ደርሷል። በ1540 የጸደቀው የኢየሱሳውያን ማኅበር በ1557 ኢትዮጵያ ገባ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 መጣ፤ አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን አወጁ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ወደ ቀድሞው ሃይማኖት መልሰው ለልጃቸው ለፋሲል ዙፋኑን ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። ብዙም ሳይቆይ ከሉቤክ ፔተር ሃይሊንግ የሚባል ሉተራን ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ተራ በተራ ነው የመጡብን።

እንግዲህ የቱን?

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ዊተንበርግ። ርካሽ ናት፣ ቅርብ ናት፣ ታሪኩን ከመጀመሪያው ትነግራችኋለች። ጠዋት ከበርሊን ወጥታችሁ ማታ መመለስ ትችላላችሁ።

ሦስት ቀን ካላችሁና ስዊዘርላንድ ከሆናችሁ፣ ሁለቱን ቀን ለዙሪክ፣ አንዱን ለጄኔቫ ስጡ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው፤ ጄኔቫ ስሟ ስለሚታወቅ። እኔ አልስማማም። ግንቡን አይቶ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ነው የሚሆነው።

ከልጆች ጋር ከሆናችሁም ዙሪክን አልጠላም፤ ወንዝ አለ፣ መንገዱ አጭር ነው፣ የቋሊማው ታሪክም ያስቃቸዋል። የማንዝን ግን እንደ ዕድሜያቸው ንገሯቸው።

ጣሊያን ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ትሬንቶን አትናቁ። ማንም አይጋፋችሁም። የሐበሾቹን ቅዱስ እስጢፋኖስ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ዝም ተብሎ አይገባም።

ወቅቱንም አስቡበት። ኦክቶበር 31 በዊተንበርግ ትልቅ ቀን ነው፤ በዓልም ስለሆነ ከተማዋ በሰው ትሞላለች። ግርግር የምትወዱ ከሆነ ያኔ ሂዱ፤ ማረፊያ ግን ቀደም ብላችሁ ያዙ። ሥዕሉን በእርጋታ ማየት ለሚፈልግ የሚሻለው ተራ የሥራ ቀን ነው። ሉተር ይኖርበት የነበረው ቤት ለእድሳት የሚዘጋበት ጊዜ አለና ከመነሣታችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ።